ከጓያ ማሳ እስከ ግሉታሜት ተቀባይ

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከደምቢያና ከአካባቢው ወይና ደጋ አያሌ ሠራተኞች በጭልጋ በኩል ወደ መተማ፣ ከዚያም አልፈው ወደ ቋራና ወደ ገለጉ ቆላ ይወርዳሉ። ይህ ሥራ ከሁሉ በፊት እግር ይጠይቃል። የጓያ ሽባነት የያዘው ጎልማሳ ግን ከጉዞው ይቀራል። አእምሮው ንጹሕ ነው፤ እጁም እንደ ወትሮው ይሠራል፤ እግሮቹ ግን ደርቀው እንደ መቀስ ስለሚጠላለፉ በበትር ካልተደገፈ አይራመድም። ሕመሙ አይገድለውም፤ አይለቀውምም።

ጓያ በጥቁር መሬት ላይ በቀረ እርጥበት የሚበቅል፣ ሌላው ሰብል ሲከሽፍ የሚተርፍ እህል ነው። ጕዳቱም የሚመጣው በዚሁ ጠባዩ ምክንያት ነው፤ በችግር ዘመን ከሁለት ወር በላይ ዋና ምግብ ሲሆን ያሽመደምዳል። ገበሬው ይህን ከሐኪም በፊት ያውቅ ነበር፤ አንዳንዱም ሲቀቀል የሚወጣውን እንፋሎት ይፈራ ነበር። የስፓኙ ሠዓሊ ፍራንሲስኮ ጎያ የማድሪድን ረኀብ ባሳየባቸው ሥዕሎች አንዱን በዚሁ እህል ስም መሰየሙ፣ የሠዓሊው ስምና የእህሉ የአማርኛ ስም መመሳሰል ተጨምሮበት፣ የሚያስገርም አጋጣሚ ነው።

የጓያው መርዝ ተለይቶ የታወቀው በ1964 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በህንድ አገር ነው። ኦዳፕ የተባለ አሚኖ አሲድ ሆኖ ተገኘ። በ1978 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ጓያ ሽባነት ወረርሽኝ አንድ ጽሑፍ ወጣ። በ1986 ፒተር ስፔንሰርና ባልደረቦቹ ጓያና ኦዳፕ የተመገቡ ጦጣዎች የበሽታውን የመጀመሪያ ምልክቶች እንደሚያሳዩ ገለጹ። የነርቭ ሐኪሙ ሬድዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸውም በ1990 ባወጡት ጥናት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር በሽታው እጅግ የተስፋፋ መሆኑን አስረዱ።

ኦዳፕ ጕዳት የሚያደርሰው በመመሳሰል ነው። በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ከነርቭ ወደ ነርቭ መልእክት የሚያደርሰውን ግሉታሜትን ይመስላል፤ ስለዚህ አምፓ የተባለው የግሉታሜት ተቀባይ እንደ ባለቤቱ ይቀበለዋል። ሕዋሱም ከመጠን በላይ እየተነሣሣ ይደክማል፣ ይሞታልም።

ይህ ተቀባይ ግን በዓይን አይታይም። ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው በኤሌክትሪክ ምላሹና ጨረር በተቀላቀለባቸው ቅመሞች አማካይነት ብቻ ነበር። በ1989 በካሊፎርኒያ የሳልክ ተቋም የስቲቨን ሃይነማን ቡድን የመጀመሪያውን የተቀባዩን ጂን ለየ። የጂኑ ጽሕፈት ከተነበበ ዘንድ መንገዱ ተከፈተ፤ ከፕሮቲኑ ጫፍ ጥቂት አሚኖ አሲዶች በላቦራቶሪ ተሠርተው ጥንቸል ትወጋለች፤ የጥንቸሏ ሰውነት እንግዳውን ለመመከት አንቲቦዲ ያዘጋጃል፤ አንቲቦዲውም ከደሟ ተጣርቶ በቀጭኑ በተቈረጠ አንጎል ላይ ሲፈስ ተቀባዩን ፈልጎ ይጣበቃል። በላዩ የሚጨመረው ቀለም ወይም ብርሃን ሰጪ ነገር ቦታውን ያመለክታል። በዚህም ዘዴ ተቀባዩ የሚገጣጠምባቸውን 4 ዓይነት ክፍሎች አንዱን ከሌላው መለየት ተቻለ። ልዩነቱም ቀላል አይደለም፤ ሁለተኛው ክፍል የጎደለው ተቀባይ ካልሲየምን ወደ ሕዋሱ ስለሚያስገባ ሕዋሱን ለሞት ያቀርበዋል።

ይሁን እንጂ አንቲቦዲ ራሱ መመርመር ያለበት ምስክር ነው። ከሚፈለገው ፕሮቲን ሌላ ተመሳሳይ ነገር ላይ ሊጣበቅ ይችላል፤ ቀለሙም እኩል ያማረ ሆኖ ይታያል። በ1999 የተቀባዩ አንደኛ ክፍል ጂን የጠፋባቸው አይጦች መገኘታቸው ለዚህ ትልቅ ጥቅም ሰጠ፤ ለዚያ ክፍል የተዘጋጀው አንቲቦዲ በእነዚህ አይጦች አንጎል ላይም ካቀለመ ምስክርነቱ ሐሰት ነው። ይህን ፈተና ሳያልፍ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ስም ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም።

ከዚህም የበለጠ እንግዳ ነገር በ1994 ታየ። ስኮት ሮጀርስና ባልደረቦቹ ለምርምር የሚያገለግል አንቲቦዲ ለማግኘት ጥንቸሎችን በተቀባዩ ሦስተኛ ክፍል ወጉ፤ ከጥንቸሎቹ አንዳንዶቹ ግን ይንቀጠቀጡ ጀመር፤ አንጎላቸውም ተቈጥቶ ተገኘ። ሁኔታው በሕፃናት ላይ የሚታየውን የራስሙሰን በሽታ ይመስል ስለ ነበር የሕሙማኑ ደም ተመረመረ፤ በአንዳንዶቹም ይኸው አንቲቦዲ ተገኘ። ኋላ የወጡ ጥናቶች ግን በብዙ ሕሙማን እንደማይገኝ፣ በሌላ የሚጥል በሽታም እንደሚታይ አሳዩ። በሌላው የግሉታሜት ተቀባይ ላይ የሚነሣው አንቲቦዲ እውነተኛ የአንጎል በሽታ ማስከተሉን ጆሴፕ ዳልማው በ2007 አስረዳ።

ለጓያ በሽተኛ ከዚህ ሁሉ የተገኘ መድኃኒት የለም። ጥቅም የሰጠው ጥናት ወጥ ቤት የገባው ነው። ከ1995 ጀምሮ በወሎ፣ በደላንታ ዳውንት ከተነሣው ወረርሽኝ በኋላ ኃይለ ኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው የአመጋገቡን ልዩነት መረመሩ። ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ አደጋን አብዝቶ ተገኘ፤ በሸክላ ድስት መቀቀልም እንዲሁ። ከሌላ እህል ጋር የተቀላቀለውና ሽንኩርትና ዝንጅብልን በመሰለ ቅመም የተሠራው ወጥ ግን አደጋውን ቀነሰ። ኦዳፕ ያነሰባቸው ዝርያዎችም ተመርጠው ወጥተዋል፤ ዳሩ ግን ድርቅ በመጣ ጊዜ በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ ስለሚጨምር፣ ዝርያው መልካም ነው የተባለበት መጠን በችግሩ ዓመት ሊቀየር ይችላል።