የሸራ ጀልባ መሪ መላላት

የሸራ ጀልባ መሪ መላላት ማለት ጎማው ወይም እጀታው ሲንቀሳቀስ በውሃ ውስጥ ያለው የመሪ ሰሌዳ ወዲያው የማይከተልበት፣ ወይም ሰሌዳው በማዕበል እየተወዛወዘ የሚንኳኳበት ብልሽት ነው። በመኪና ጋራዦች «መሪው ጨዋታ አለው» ከሚባለው ችግር ጋር ይመሳሰላል። ብዙ ዓመት ባገለገሉ ጀልባዎች ላይ፣ ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በፋይበርግላስ የተሠሩትን ጨምሮ፣ ይታያል።

መላላቱ ብቻውን ጀልባዋን አያሰምጥም። ነገር ግን ቀስ በቀስ እየሰፋ ያለ የዝገት ወይም የስብራት የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የላላው ክፍል የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ገመድ ማጥበቅ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም።

የመሪው አሠራር

በትናንሽ ጀልባዎች ላይ መሪው ቀላል ነው። ከእንጨት የተሠራ ረጅም እጀታ ከሰሌዳው ራስ ጋር በቀጥታ ይያያዛል፤ እጀታው ወደ ግራ ሲገፋ ጀልባዋ ወደ ቀኝ ትዞራለች። ሰሌዳው ከጀልባዋ ኋላ ውጭ የተሰቀለ ከሆነ እንደ በር በማጠፊያዎች ላይ ይዞራል።

ተለቅ ባሉ ጀልባዎች ላይ ጎማ ይገኛል። በብዛት በሚሠራበት ዓይነት ጎማው ጥርሳም ክብ ብረት ያዞራል፤ ይህም እንደ ብስክሌት ካቴና ያለ አጭር ሰንሰለት ይስባል። ከሰንሰለቱ ሁለት ጫፎች የሚነሱ የብረት ገመዶች በፑሊዎች ላይ አልፈው ኳድራንት ከሚባለው የሩብ ክብ ቅርጽ ካለው ክፍል ጋር ይያያዛሉ። ኳድራንቱ የመሪውን ዘንግ በብሎን አቅፎ ይይዛል፤ ዘንጉ ደግሞ የጀልባዋን ወለል አልፎ ወደ ሰሌዳው ውስጥ ይገባል። በጀልባ መሪ ሥራው የሚታወቀው የአሜሪካው ኤድሰን ኩባንያ የተመሠረተው በ1859 እ.ኤ.አ. ነው። ከገመድ ሌላ በጥርስ ወይም በዘይት ግፊት የሚሠሩ መሪዎችም አሉ።

የመላላት ምክንያቶች

ገመድ፦ የብረት ገመድ በጊዜ ብዛት ይረዝማል፤ ጫፎቹን የሚይዙት ማጥበቂያ ብሎኖችም በንዝረት ይፈታሉ። ፑሊዎቹ የታሰሩበት እንጨት ከበሰበሰ፣ ገመዱ በተወጠረ ቁጥር ፑሊው አብሮ ይነቃነቃል።

የኳድራንት ማያያዣ፦ ኳድራንቱን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች ሲላሉ፣ ወይም በመካከላቸው የሚገባው ትንሽ ባለ አራት ማዕዘን ብረት ሲበላ፣ ዘንጉ በኳድራንቱ ውስጥ ይንሸራተታል። ኳድራንቱ አሉሚኒየም፣ ዘንጉ ደግሞ የማይዝግ ብረት ወይም ነሐስ ከሆነ፣ የጨው ውሃ በሁለቱ መካከል ገብቶ አሉሚኒየሙን ይበላዋል።

ቡሽና ኩሽኔታ፦ ዘንጉ የሚዞርባቸው የነሐስ ወይም የፕላስቲክ ቡሾች ሲበሉ ሰሌዳው ወደ ጎን ይነቃነቃል። ናይለን ግን ውሃ መጥጦ ሊያብጥ ስለሚችል፣ አንዳንዴ ችግሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ መሪው ይከብዳል።

የሰሌዳው ውስጥ፦ በብዙ ጀልባዎች ሰሌዳው ሁለት የፋይበርግላስ ቅርፊቶች ሲሆን መካከሉ በፎም ይሞላል። ዘንጉ ወደ ውስጥ ገብቶ በላዩ ላይ በተበየዱ የብረት ክንፎች ሰሌዳውን ይይዛል። ዘንጉ በሚገባበት ቦታ ውሃ ከሰረገ ብየዳውን ቀስ በቀስ ያበላሸዋል። የማይዝግ ብረት ዝገትን የሚቋቋመው ኦክስጅን ሲያገኝ ነው፤ አየር በማይደርስበት እርጥብ ቦታ ስሙን አይጠብቅም። ከሁሉም ምክንያቶች አደገኛው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከውጭ አይታይም።

የእጀታ ራስ፦ በእጀታ በሚመሩ ጀልባዎች ላይ የብሎኑ ቀዳዳ ይሰፋል፣ እንጨቱ ይሟሽሻል፣ የማጠፊያዎቹም ፒኖች ይበላሉ።

ምርመራ

ምርመራው ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ ስትቀመጥ ይቀላል። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ከውጭ ሰሌዳውን ይይዛል፣ ሌላው ከውስጥ በባትሪ ብርሃን ይመለከታል። መጀመሪያ ጎማው መሃል ላይ እንዳለ በገመድ ይታሰራል። ከዚያ ውጭ ያለው ሰው የሰሌዳውን የኋላ ጠርዝ በዝግታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋል። እንቅስቃሴው ከሰሌዳው ወደ ጎማው እየተከተሉ ሲታይ፣ የሚቋረጥበት ቦታ ብልሽቱን ያሳያል።

• ሰሌዳው ዞሮ ዘንጉ ካልዞረ፣ ስብራቱ በሰሌዳው ውስጥ ነው።
• ዘንጉ ዞሮ ኳድራንቱ ካልተከተለ፣ ማያያዣው ላልቷል። በሁለቱ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በጠመኔ ቢሰመር፣ መስመሩ ሲሰበር መንሸራተቱ በግልጽ ይታያል።
• ኳድራንቱ ዞሮ ገመዱ ከረገበ፣ ገመዱ ረዝሟል ወይም ፑሊው ከመሠረቱ ይነቃነቃል።
• ሰንሰለቱና ጥርሱ ተንቀሳቅሰው ጎማው ጸጥ ካለ፣ ጥርሱን ወይም ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ቁራጭ ተበልቷል።

ቀጥሎ ሰሌዳው ከታችኛው ጫፉ ተይዞ ወደ ጎን ይነቀነቃል። በዚህ ጊዜ መንኳኳት ከተሰማ ቡሾቹ ተበልተዋል። የሰሌዳው ውስጥ የሚጠረጠር ከሆነ በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ ብሎ መምታት ይረዳል፤ ፎሙ የለቀቀበት ቦታ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ጀልባዋ ከውሃ ከወጣች በኋላ ከሰሌዳው ቡናማ ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ ውስጡ ያለው ብረት እየዛገ መሆኑን ያመለክታል።

ገመዱ የሚመረመረው ጨርቅ በላዩ ላይ በመጎተት ነው። የተበጠሰ ቀጭን ሽቦ ካለ ጨርቁን ይይዘዋል፤ በባዶ እጅ ከተሞከረ ግን ጣት ይቆርጣል። በምርመራው ወቅት ማንም ሰው ጎማውን ሳያስጠነቅቅ ማዞር የለበትም፤ በኳድራንትና በማቆሚያው መካከል የገባ እጅ ሊሰበር ይችላል።

ጥገና

ገመዱ ጤነኛ ሆኖ ከረገበ ይጠብቃል። የግራና የቀኝ ማጥበቂያዎች እኩል መዞር አለባቸው፤ አለዚያ ጀልባዋ ቀጥ ብላ ስትሄድ ጎማው ያጋድላል። ልኩ የሚታወቀው ጎማው ታስሮ ኳድራንቱ በእጅ ሲገፋ የማይነቃነቅ ሲሆን ነው። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ፑሊዎቹን ይጎዳል፣ መሪውንም ያከብዳል። በመጨረሻ ዳዶዎቹ ተቆልፈው ይጠብቃሉ። አንድም ሽቦ የተበጠሰበት ገመድ አይጠገንም፤ ይለወጣል። ሰንሰለቱ የሞተር ዘይት በቀጭኑ ይቀባል፤ ወፍራም ግሪስ ግን ቆሻሻ ስለሚይዝ አይመከርም።

የተበላ ማያያዣ ብረት በአዲስ ይተካል፤ ቀዳዳው ከሰፋ ዘንጉና ኳድራንቱ ወደ መካኒክ ቤት ይወሰዳሉ። ቡሽ ለመለወጥ ሰሌዳው ከነዘንጉ ወደ ታች መውረድ አለበት፤ ለዚህም ጀልባዋ ከፍ ትደረጋለች ወይም ከሥሯ ጉድጓድ ይቆፈራል። የእጀታ ቀዳዳ ሲሰፋ በኢፖክሲ ተሞልቶ እንደገና ይበሳል።

ሰሌዳው ውስጡ ከተሰበረ አንዱ ቅርፊት ተቆርጦ ይከፈታል፣ የዛገው ብረት ተነሥቶ ብየዳው ይታደሳል፣ ከዚያ በፎምና በፋይበርግላስ ይዘጋል። ዘንጉ ራሱ ከተሰነጠቀ ግን አዲስ ሰሌዳ ማሠራት ይሻላል። በዘይት ግፊት በሚሠራ መሪ ላይ ልልነቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ወደ መስመሩ በገባ አየር ነው፤ አየሩ ወጥቶ ዘይቱ ይሞላል፣ አየር ያስገባው ቦታም ይደፈናል።

መሪ ሲጠፋ

መሪዋ የተሰበረ ጀልባ ፊቷን ወደ ማዕበሉ ማድረግ ስለማትችል ለመገልበጥ ትጋለጣለች፤ በዳርቻ አካባቢ ከሆነች ደግሞ ነፋሱ ወደ ዐለት ይገፋታል። በኦገስት 1979 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ተነሥቶ በደቡብ አየርላንድ የሚገኘውን የፋስትኔት ዐለት ዞሮ በሚመለሰው ውድድር ላይ ከባድ ዐውሎ ነፋስ ወርዶ 15 ተወዳዳሪዎች ሞተዋል። በዚያ ማዕበል መሪያቸው ከተሰበረባቸው ጀልባዎች መካከል በጊዜው አዲስ የነበረውን ካርቦን ፋይበር ለመሪያቸው የተጠቀሙ ይገኙበታል። ስለዚህ አዲስነት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

በጎማ የሚመሩ ጀልባዎች ገመዱ ቢበጠስ በዘንጉ ራስ ላይ በቀጥታ የሚገጠም የአደጋ ጊዜ እጀታ ይይዛሉ። እጀታው የሚጠቅመው ግን ገመዱ ወይም ጎማው ሲበላሽ ብቻ ነው። ሰሌዳው ከዘንጉ ከተላቀቀ ዘንጉን ማዞር ምንም አያመጣም። የመሪ መላላት ሲታይ ከገመዱ በፊት ሰሌዳው መፈተሽ ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው።