የተሰወረው ሕመም፦ ቡታጅራና የኩላሊት በሽታ

ኩላሊት ታጋሽ አካል ነው። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ የሚገኙት አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች በየቀኑ 180 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ከደም እያጣሩ አብዛኛውን መልሰው ለሰውነት ያስረክባሉ። ከማጣሪያዎቹ እኩሌታው ቢጠፉ እንኳ የቀሩት ሸክሙን ስለሚጋሩ ሰውየው መታመሙን አያውቅም። ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ ዘግይቶ የሚታወቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህን የተሰወረ ሕመም ገልጦ በማሳየት ረገድ በጉራጌ አገር የምትገኘው ቡታጅራ የራሷ ታሪክ አላት።

የሕክምናው ታሪክ የጀመረው ከመጨረሻው ደረጃ ነበር። ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ እ.ኤ.አ. በ1943 አገራቸው በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለ ደምን ከሰውነት ውጭ የሚያጥብ መሣሪያ ሠሩ። በ1954 በቦስተን ከተማ ዶክተር ጆሴፍ መሪና ባልደረቦቻቸው ከመንታ ወንድም የተገኘ ኩላሊት ለሕመምተኛው ተከሉ። በ1960 ደግሞ በሲያትል ዶክተር ቤልዲንግ ስክሪብነር እጥበቱን ለዓመታት ለመደጋገም የሚያስችል ቱቦ አስገኙ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተከናወነው በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ይሁን እንጂ እጥበት ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ መሣሪያው መመላለስን ይጠይቃል። በእንሰትና በበርበሬ ለሚተዳደር ቤተሰብ ይህ ጥሪትን የሚያሟጥጥ ሸክም ነው። ስለሆነም ለገጠሩ ሕዝብ ዋናው ጥያቄ በሽታው ከዚያ ደረጃ ሳይደርስ እንዴት ይታወቃል የሚለው ነው።

ቡታጅራ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማበርከት የተዘጋጀች ከተማ ነበረች። በ1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና በአንድ የከተማ ቀበሌ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን መመዝገብ ጀመረ። በሽታን በግምት ሳይሆን በቆጠራ የማወቅ ልማድ በአካባቢው ሥር ሰደደ።

በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተመራማሪዎች በቡታጅራ ሆስፒታል የሚታከሙ 214 የስኳር ሕመምተኞችን መረመሩ። በተለመደው መንገድ ክሪያቲኒን የተባለው በደም ውስጥ የሚገኝ ዝቃጭ ሲለካ፣ ከወሰን በላይ የሆነባቸው ከመቶ አሥር አይሞሉም ነበር። የኩላሊት የማጣራት ኃይል በቀመር ሲሰላ ግን ኃይሉ በግልጽ የቀነሰባቸው በአንዱ ቀመር 18.2 በመቶ፣ በሌላው 23.8 በመቶ ሆነው ተገኙ። በሌላ አነጋገር፣ ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ «ደህና ነው» ከሚል የላቦራቶሪ ወረቀት ጀርባ ተሰውረው ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ክሪያቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ በመሆኑ፣ የከሳ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ኩላሊቱ ቢደክምም ልኩ ከወሰን ላያልፍ ይችላል። ኮክሮፍትና ጎልት የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጡት ቀመር ዕድሜን፣ ክብደትንና ጾታን የጨመረው ይህን ጉድለት ለማረም ነው። እርግጥ የአንድ ቀን ልክ ብቻውን በሽታው ሥር ሰዷል አያሰኝም፤ ጉዳቱ ከሦስት ወር በላይ መቆየቱ መረጋገጥ አለበት። የቡታጅራው ጥናትም የአንድ ሆስፒታል የስኳር ሕመምተኞችን እንጂ መላውን ሕዝብ አይወክልም። ትምህርቱ ግን ጸንቶ ይኖራል።

በጊዜ የታወቀ በሽታ ጉዞው ሊገታ ይችላል። የደም ግፊትንና የስኳርን መጠን መቆጣጠር፣ ጨው መቀነስ፣ እንደ ኢናላፕሪል ያሉ መድኃኒቶችን በሐኪም ትእዛዝ መውሰድ፣ እንደ ዳይክሎፌናክ ካሉ የሕመም ማስታገሻዎች መጠንቀቅ ለዓመታት ፋታ ይሰጣል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

በ2004 ዓ.ም. የተመሠረተው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በዚያው በጉራጌ ምድር የጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። እነዚህ ባለሙያዎች ከቡታጅራ የሚወርሱት ቅርስ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ በታማሚው ካርድ ላይ የተጻፈውን ዕድሜና ክብደት ከክሪያቲኒኑ ጋር አገናኝቶ ማስላትን ብቻ ይጠይቃል። ስሌቱ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ መዘንጋቱ ግን ሰውን ከእጥበት መሣሪያ ደጃፍ ያደርሳል።