የነጋዴ ዘብ ሆና የተሠራችው ኮንስቲቲዩሽን

ስለ ጦር መርከብ ሲወራ ሰው የሚያስታውሰው መድፉን ነው። እኛ ነጋዴዎች ግን ስለ አሜሪካዋ ኮንስቲቲዩሽን ስናነብ መጀመሪያ ዓይናችን ያረፈው የተሠራችበት ምክንያት ላይ ነው፤ ምክንያቱም የንግድ ጉዳይ ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካ ከእንግሊዝ ነፃ ስትወጣ ባንዲራዋን የሚያስከብር ባሕር ኃይል አልነበራትም። የአልጀርስ ገዥ መርከበኞች በ1785 ሁለት፣ በ1793 ደግሞ አሥራ አንድ የንግድ መርከቦቿን ያዙ። ጭነቱ ተወረሰ፣ ሠራተኞቹም ለዓመታት በግዞት ማቀቁ። ኬላ ላይ ዕቃው የተያዘበት ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ኮንግረስ በ1794 ስድስት የጦር መርከቦች እንዲሠሩ ወሰነ፤ አንዷ ኮንስቲቲዩሽን ነበረች። የሚገርመው መርከቦቹ ሳያልቁ መንግሥት ከአልጀርስ ጋር ታረቀ፤ ምርኮኞቹን ለማስለቀቅና ለሰላሙ ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወጣ። ሥራው ሊቆም ከተቃረበ በኋላ ሦስቱ ብቻ እንዲጨረሱ ተፈቀደ። ኮንስቲቲዩሽን በጥቅምት 1797 ቦስተን ላይ ውኃ ነካች።

ዝናዋ የመጣው በ1812 ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ጦርነት ነው። ነሐሴ 19 ቀን «ገሪዬር» የተባለችውን የእንግሊዝ መርከብ ከጥቅም ውጭ አደረገች። ጎኗ የተሠራው ከአሜሪካ ደቡባዊ ክፍለ ግዛቶች በመጣ እጅግ ጠንካራ የኦክ እንጨት ስለነበር ጥይት ነጥሮ ሲወድቅ ያየ መርከበኛ «ጎኗ ብረት ነው!» ብሎ ጮኸ ይባላል። ቅጽል ስሟም ከዚያ ወጣ።

ለእኛ ቀረብ የሚለው ግን በ1844 የጀመረችው የዓለም ዙር ጉዞ ነው። ካፒቴን ጆን ፐርሲቫል ስለ ወደቦችና ስለ ንግድ መረጃ እንዲሰበስብ ታዞ ነበር፤ በማዳጋስካርና በሞዛምቢክ አድርጎ ዛንዚባር ደረሰ። እዚያ የአሜሪካ ነጋዴ ቀድሟት ነበር። በ1833 ከሱልጣን ሰይድ ሰዒድ ጋር በተፈረመው ውል የአሜሪካ ዕቃ ቀረጥ 5 በመቶ ብቻ ሆኖ ስለነበር፣ የሴለም ከተማ መርከቦች ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ያራግፉ፣ የዝሆን ጥርስና ቅርንፉድ ይጭኑ ነበር። ጨርቁን የስዋሂሊ ሰው «መሪካኒ» አለው። እኛ ደግሞ አቡጀዲ እንለዋለን! አያቶቻችን ለእጀ ጠባብ፣ ለድንኳንና ለመግነዝ የቆረጡት ያ ጨርቅ ነው። በ1903 የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ መጥቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲዋዋልም አንዱ ትልቅ ጉዳይ ይኸው ጨርቅ ነበር።

የዚያ ጉዞ ዋጋ ቀላል አልነበረም። ከዛንዚባር በኋላ ተቅማጥና ንዳድ ገብቶ ብዙ መርከበኞች ታመሙ፣ የሞቱም ነበሩ። ቦስተን የተመለሰችው በ1846 ነው። በ1853 ደግሞ ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ላይ ለባሪያ ንግድ የተዘጋጀች አሜሪካዊት መርከብ ይዛለች፤ ለነጋዴ ጥበቃ የተሠራችው መርከብ ነጋዴ ስትይዝ መሆኑ ነው።

ከመፍረስ ያተረፋት ሕዝቡ ነው። በ1830 ልትፈርስ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት ግጥም ጻፈ፤ ግጥሙ በየጋዜጣው ወጥቶ ሰው ተቆጣ፣ መርከቧም ታደሰች። በ1925 እንደገና ስትበሰብስ የትምህርት ቤት ልጆች ሳንቲም አዋጡላት፤ ከላይዋ የተነሣው አሮጌ እንጨት እንኳ መታሰቢያ ዕቃ እየተሠራበት ተሸጠ። ነጋዴ ቢያስበው ከዚህ የተሻለ አይመጣለትም።

በ1997፣ ሁለት መቶ ዓመት ሲሞላት፣ ከ116 ዓመት በኋላ በራሷ ሸራ ቀዘፈች። ዛሬም ቦስተን፣ ቻርለስታውን ቆማለች፤ የባሕር ኃይል ባልደረቦች ይሠሩባታል፣ መግቢያዋም በነፃ ነው። እዚያ ያላችሁ ዘመዶቻችን ልጆቹን ይዛችሁ ስትሄዱ የአቡጀዲውን ነገር ንገሯቸው።