የተደፈነው ውጅግራ

በአንድ የዓድዋ ተውኔት ልምምድ ላይ አንድ ወጣት ተዋናይ ከአያቱ የወረሰውን ውጅግራ ይዞ መጣ። አፈሙዙ በብየዳ ተደፍኗል፤ ቃታው ግን ዛሬም ይሳባል። «ብየዳውን አስነሥተን በመጨረሻው ትዕይንት አንዴ ብንተኩሰውስ?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው የዋህ ቢመስልም ታሪክንም የሰው ሕይወትንም የሚነካ ስለሆነ ከሥሩ ሊመረመር ይገባዋል።

ውጅግራ የሚለው ስም የፈረንሳይኛው «ፉዚል ግራ» በሕዝባችን አንደበት ተገርቶ የተገኘ ነው። ግራ የጠመንጃውን ንድፍ ያወጣው መኮንን ነው። የፈረንሳይ ጦር በ1874 እ.ኤ.አ. የተቀበለው ይህ መሣሪያ ባለ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ነበር። በ1886 እ.ኤ.አ. ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመው ለበል ሲመጣ ውጅግራ በአገሩ አረጀ ተባለ። ሆኖም በአውሮፓ ያረጀ መሣሪያ በቀይ ባሕር ዳርቻ ገበያ አያጣም ነበር። ገጣሚው አርተር ራምቦ እንኳ ብዕሩን ከጣለ ከዓመታት በኋላ፣ በ1887 እ.ኤ.አ. ጊዜ ያለፈባቸው 2,000 ያህል ጠመንጃዎችን ከታጁራ ሸዋ አድርሶ ለንጉሥ ምኒልክ ሸጧል። አውሮፓ የጣለችው ብረት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የአውሮፓን ወራሪ ጦር መለሰ።

«ያን ጊዜ ያረጀው ከተነሣ ዛሬስ ስለምን አይነሣም?» የሚል ይኖራል። እንዲያውም ከውጅግራዎች መካከል በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ይተኩስ ከነበረው ከ1866ቱ ሻስፖ ተለውጠው የተሠሩ አሉ። ያ ለውጥ ግን የተካሄደው በጦር መሣሪያ ፋብሪካ፣ በልክና በሙከራ ነው።

የተደፈነው ጠመንጃ ነገር ሌላ ነው። የብየዳው እሳት የብረቱን ውስጣዊ ጠባይ ይለውጠዋል፤ ድፍኑ ቢነሣም የቀድሞው ጥንካሬ ተመልሶ አይመጣም። የጥቁር ባሩድ ዝቃጭ እርጥበት ስለሚስብ፣ ሳይጠረግ የኖረ ጠመንጃ ከውስጥ በዝገት ይበላል፤ የተሰወረውንም ስንጥቅ ዓይን አያየውም። በዚህ ላይ የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ከጥንቱ እጅግ የበረታ ግፊት አለው። ብረቱ ሲፈነዳ የሚፈነዳው በተኳሹ ጉንጭ ሥር ነው። አንዴ ተኩሶ በደኅና መዋሉም ለሁለተኛው ዋስትና አይሆንም። «ያረጀውን ክፍል ሁሉ በአዲስ እንተካ» ቢባል ደግሞ፣ የሚተኩሰው አዲሱ ብረት እንጂ የአያት ውጅግራ አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም ቢሆን ጉዳዩን ያለ ፈቃድ አይተወውም።

ስለዚህ ተዋናያችን የእንጨት ጠመንጃ ያዘ፤ ተኩሱም ከመጋረጃ ጀርባ በነጋሪት ተመታ። ውጅግራውን በአዳራሹ መግቢያ ለማስቀመጥ ወስነን ከሥሩ የምንጽፈውን ስንጠይቀው ግን ልጁ ዝም አለ። አያቱ ከማን እንደተረከቡት፣ በየትኛው ዘመቻ እንደተያዘ አያውቅም ነበር።

ያን ዕለት እውነተኛውን ድፍን አየሁት። መምህራንና የጥበብ ሰዎች ሆይ፣ የአፈሙዙን ትተን ይህን እንክፈት፤ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ብረት ታሪክ፣ የሚያውቁት አረጋውያን ሳያልፉ ጠይቀን እንጻፍ።