ወርቁ በግሪክኛ፣ መዳቡ በግዕዝ፦ ንግድ፣ ግዛትና የአክሱም ዓለም አቀፋዊ ዕይታ

በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው «የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስ» የአክሱም የባሕር በር የነበረውን የአዱሊስን ጠረፍ ይገዛ የነበረውን ዞስካሌስን ሲገልጽ፣ ለሀብቱ የሚሳሳ ቢሆንም የግሪክኛ ጽሕፈት የተማረ ሰው እንደነበር ይመሰክራል። ከግብፅ ልብስና ብርጭቆ፣ ከሕንድ ብረትና የጥጥ ጨርቅ በሚራገፍበት፣ የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ በሚጫንበት ወደብ ላይ እንዲህ ያለ ትምህርት ለገዢው የዕለት ተዕለት ሥራ ያስፈልግ ነበር።

የአክሱም ነገሥታት ይህን የወደብ ልማድ የመንግሥት ሥርዓት አደረጉት። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ኢንዱቢስ ያስቀረጻቸው ሳንቲሞች ጽሑፋቸው ግሪክኛ ነበር። ወዘባ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግዕዝን አስገባ፤ እያደርም ብሩና መዳቡ ወደ ግዕዝ ሲያዘነብሉ ወርቁ በግሪክኛው ጸና። ወርቁ ባሕር ማዶ ላለው ነጋዴ፣ መዳቡ ለአገር ቤት ገበያ የታሰበ መሆኑ ለእኔ ግልጽ ነው። በመጨረሻዎቹ ነገሥታት ዘመን የግሪክኛው ፊደል እጅግ ተዛብቶ እንኳ ከወርቁ ላይ አልወረደም።

ንጉሥ ኢዛናም የቤጃ ዘመቻውን በግሪክኛ፣ በግዕዝና በሳባ ፊደል አስቀርጿል። ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ግን የድንጋዮቹ ቃል ይለያያል፦ ግሪክኛው አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን በስም ሲጠራ፣ ግዕዙ የሰማይን ጌታ ብቻ ያነሣል። ልዩነቱን የእምነት ማመንታት አድርጎ መውሰድ ይቻላል፤ እኔ ግን የየትኛውን ድንጋይ አንባቢ ማን እንደሆነ ጠንቅቆ የሚያውቅ ቤተ መንግሥት ይታየኛል። ክርስቲያኑ የሮም ነጋዴና አዲሱን እምነት ገና የሚለምደው የአገሬው ሰው አንድ ዓይነት ንግግር አይጠብቁም ነበርና።

ይህ ዕይታ ከጦርነት የራቀ አልነበረም። የግብፁ ነጋዴ ኮስማስ አዱሊስ የደረሰው ዐፄ ካሌብ ከቀይ ባሕር ማዶ በደቡብ ዐረቢያ በነበረችው ሒምያር ላይ ሊዘምት ሲዘጋጅ ነበር። ንጉሡ በከተማዋ የቆመው ጥንታዊ የግሪክኛ ጽሑፍ እንዲገለበጥለት የአዱሊስን ገዢ አዘዘ፤ ገዢውም ሥራውን ለኮስማስና ለጓደኛው ሰጠ። የድንጋዩ ጽሑፍ ዛሬ የሚታወቀው ኮስማስ በመጽሐፉ ባኖረው ግልባጭ ነው። በባሕር ማዶ ዘመቻ ዋዜማ የቀደሙ ነገሥታትን ድል በባዕድ ቋንቋ ማስገልበጥ፣ ለእኔ፣ የንግድና የግዛት ዕውቀት ከአንድ ምንጭ የተቀዳ መሆኑን ከሁሉ በላይ ያሳያል።

ስለዚህ የአክሱምን ግሪክኛ ከውጭ የተጫነ የባህል ተጽዕኖ አድርጎ የሚያየው አተረጓጎም መታረም አለበት። ግሪክኛውን የመረጡት፣ የት እንደሚጻፍና የት እንደማይጻፍ የወሰኑት አክሱማውያን ራሳቸው ናቸው።