ከባድ ምርጫ በሲኒማ ሸንጎ ፊት

ፊልም ተመልክተው የወጡ ሰዎች በመንገዳቸው የሚያነሡት ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ይኸው ጥያቄ ሲነሣ ሙግቱ ይጦፋል። ለመሆኑ ሲኒማ የሚያቀርብልን የሕሊና ፈተና በእርግጥ ፈተና ነውን? ወይስ መልሱ አስቀድሞ የተወሰነ የይስሙላ ጥያቄ?

የጉራጌ ሕዝብ ለዚህ ጥያቄ የቆየ መለኪያ አለው። በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ ከሳሽም ተከሳሽም ይደመጣል፤ ሽማግሌ የሚፈርደው የሁለቱንም ወገን ቃል ከሰማ በኋላ ነው። ካሜራ ግን የአንዱን ፊት አቅርቦ የሌላውን ያርቃል፤ ሙዚቃውም ለአንዱ ብቻ ያለቅሳል። እንዲህ ባለው ሸንጎ ፊት የቆመ ተመልካች ፈራጅ ሳይሆን አጨብጫቢ ይሆናል።

በ19ኛው መቶ ዓመት የቃቄ ውርድወት በጆካ ሸንጎ ፊት ቀርባ ስለ ሴቶች የጋብቻና የፍቺ መብት እንደተሟገተች ይተረካል። ታሪኳን ጫንያለው ወልደ ጊዮርጊስ በተውኔት ጽፎት በብሔራዊ ቴአትር ታይቷል። ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው ፍርዱ ቀላል ይመስለናል። ለሽማግሌዎቹ ግን ጋብቻ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ቤተ ሰብን ከቤተ ሰብ፣ ጎሳን ከጎሳ ያስተሳሰረ ውል ነበር። ይህን ማለት ጥያቄዋን ማሳነስ አይደለም። ክፉን ሰው መቃወም ሕሊናን ብዙም አያስጨንቅም፤ የሚያስጨንቀው የሚከበርን ሰው መቃወም ነው። ሽማግሌዎቹን በጭራቅ መልክ የሚስል ደራሲ የውርድወትንም ድፍረት ያቀለዋል።

ከመድረክ ወደ ፊልም ስንሻገር ይኸው ነገር በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ይታያል። ፊልሙ በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ የደረሰ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ የ14 ዓመት ልጃገረድ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ጠላፊዋን ገደለች። ያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ ነጻ ያወጣው ነበር። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ይህን አስቀርቶ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው።

የልጅቱ ተኩስ ከባድ ምርጫ ነበርን? በዚህ ጸሐፊ አስተያየት አልነበረም። ሌላ መውጫ በር ያልተተወለት ሰው ይከላከላል እንጂ አይመርጥም። እውነተኛው ፈተና የወደቀው በጠበቃዋ ላይ ነው። አንዲቱን ልጅ ለማዳን ስትነሣ ብዙ ሴቶች የሚጠለሉበትን ነጻ የሕግ እርዳታ አደጋ ላይ ትጥላለች። በሚዛኑ በሁለቱም ወገን ያሉት ሰዎች ንጹሓን ናቸው፤ የትኛውንም ብትመርጥ ከዕዳ ነጻ አትወጣም። ከባድ ምርጫ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ መለኪያው ግልጽ ነው። ተመልካች የተሸናፊውን ወገን ክርክር በራሱ አንደበት ሊደግመው የማይችል ከሆነ፣ በፊቱ የነበረው ፈተና ሳይሆን ስብከት ነው። ስብከትም ቦታ አለው፤ ጠለፋን የመሰለ በደል በግልጽ መወገዝ ይገባዋል። ነገር ግን ውግዘትን በፈተና ስም ማቅረብ ተመልካችን መደለል ነው፤ ምንም ዋጋ ሳይከፍል ራሱን ጀግና አድርጎ እንዲቆጥር ያደርገዋልና።

ተውኔት የምንጽፍ ሰዎችም ከዚህ ወቀሳ አናመልጥም። ጭብጨባ ፈልገን ለምንጠላው ገጸ ባሕርይ ደካማ ቃል፣ ለምንወደው ደግሞ ያማረ ቃል የሰጠንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የጆካ ሽማግሌ ግን የሚረታውንም ሰው ቃል እስከ መጨረሻው ይሰማል። ሲኒማችንና ቴአትራችን ከዚያ ዛፍ ጥላ ሥር የሚማሩት ብዙ ነው።