የጎረቤትን ዕዳ ማን ይክፈል?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 27 ቀን 1933 በአሜሪካዋ የአዮዋ ግዛት፣ ለ ማርስ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ የተቆጡ ገበሬዎች ችሎት ገብተው ዳኛ ቻርልስ ብራድሊን ከወንበራቸው ጎትተው አወጧቸው። የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ ዳኛው የባለዕዳ እርሻ በሐራጅ እንዲሸጥ ዳግመኛ ላይፈርሙ እንዲምሉላቸው። ብራድሊ እምቢ አሉ። አንገታቸው ላይ ገመድ ገባ፤ አሁንም አልማሉም። ገበሬዎቹ ራሳቸው ፈርተው ይሁን አዝነው ለቀቋቸው፤ የግዛቱ ገዢ ግን ወታደር አዘመተ።

ከተሜውም ቢሆን አልደላውም። የዚያ ዘመን የቤት ብድር አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ዓመታት ብቻ የሚሰጥ ነበር። ተበዳሪው ወለዱን ሲከፍል ይቆይና ቀኑ ሲደርስ ዋናውን ባንድ ጊዜ ይዘረግፋል፤ ካልቻለ ውሉን ያሳድሳል። ባንኮች ሲንኮታኮቱ የሚያድስለት ጠፋ። በ1933 በየቀኑ 1,000 ያህል ቤት በዕዳ ይወሰድ ነበር። ሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ሁቨር በ1932 ያቋቋሟቸው የቤት ብድር ባንኮች በቀጥታ ካመለከቱላቸው 41,000 ሰዎች ውስጥ እሺ ያሉት ለ3 ብቻ ነው። ሦስት!

ተከታያቸው ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1933 ጁን ወር ያቋቋሙት የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን መንገዱን ቀየረ። ለባንኩ የመንግሥት ቦንድ ሰጥቶ የተበላሸውን ብድር ይረከባል፤ ለባለቤቱ ደግሞ ዕዳውን በ15 ዓመት፣ በ5 በመቶ ወለድ፣ በየወሩ ከዋናውም እየቀነሰ እንዲከፍል ያከፋፍልለታል። በ3 ዓመት ውስጥ 1 ሚሊዮን ያህል ብድር እንዲህ ታደሰ። ምጽዋት ግን አልነበረም፤ መክፈል ካቃታቸው ወደ 200,000 ከሚጠጉ ቤተሰቦች ኮርፖሬሽኑ ራሱ ቤታቸውን ወስዷል። በ1951 ሲዘጋም ከኪሳራ ይልቅ ጥቂት ትርፍ አስመዝግቧል። ለዘብተኛ ተቃውሞ የገጠመው፣ እንደሚመስለኝ፣ ከባለዕዳው እኩል ባንኩንም ከጉድ ስላወጣ ነው።

በ2009 ብዙ ባለዕዳዎች እንደገና ቤታቸውን ሊያጡ ሲቃረቡ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ፕሬዚዳንት ኦባማ ፌብሩዋሪ 18 ቀን አሪዞና ውስጥ ሜሳ ላይ ቆመው የባለዕዳዎችን የቤት ብድር የሚያቃልል የ75 ቢሊዮን ዶላር ዕቅድ ይፋ አደረጉ። በማግስቱ የሲኤንቢሲ ቴሌቪዥን ዘጋቢው ሪክ ሳንቴሊ ከቺካጎ የንግድ ገበያ አዳራሽ በቀጥታ ሥርጭት ደነፋ፤ ተጨማሪ መታጠቢያ ቤት ሠርቶ ዕዳውን መክፈል ላቃተው ጎረቤታችሁ እናንተ ትከፍላላችሁ ወይ ብሎ ደላሎቹን ጠየቀ። እነሱም በጩኸት አጀቡት። የዋይት ሐውስ ቃል አቀባይ ሮበርት ጊብስ መልስ ሲሰጥ፣ ካፌይን የሌለው ቡና ልጋብዘው ብሎ ቀለደ። ቀልዱ አልያዘለትም፤ «ቲ ፓርቲ» የተባለው የሪፐብሊካኖች ክንፍ ከዚያ ንግግር ብዙ ጉልበት አገኘ።

ሳንቴሊ የነካው እውነተኛ ቁስል ነበር። አብዛኛው ተበዳሪ ወር በገባ ቁጥር ሳያጓድል ይከፍላል፤ ባልበላው ዕዳ ለምን ይጠየቃል? ይህ ቅሬታ የሪፐብሊካኖች ብቻ አልነበረም። ሴናተር ዲክ ደርቢን፣ የኪሳራ ዳኞች የቤት ዕዳን እንዲቀንሱ የሚፈቅድ ሐሳብ ኤፕሪል 30 ቀን ለሴኔቱ ሲያቀርቡ በ51 ለ45 ተሸነፉ፤ ከተቃወሟቸው ውስጥ 12ቱ የገዛ ፓርቲያቸው ዴሞክራቶች ነበሩ።

የኦባማ ዕቅድ ሥራ ላይ ሲውል የወር ክፍያን ወደ ገቢ 31 በመቶ ማውረድ ነበረበት። አፈጻጸሙ ግን ብድሩን በሚሰበስቡት ኩባንያዎች እጅ ወደቀ፤ ለአንድ የታደሰ ውል መነሻ ጉርሻቸው 1,000 ዶላር ነበር። ባለቤቱ የደመወዝ ወረቀቱን ይልካል፤ ጠፋ ይባላል፤ ደግሞ ይልካል፤ ጊዜው አልፎበታል ይባላል። ይረዳል ከተባለው ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ቤተሰብ በ2016 መጨረሻ ምዝገባው ሲዘጋ ዘላቂ ማሻሻያ ያገኘው 2 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም።

ሁለቱም ወገኖች ይህንኑ ድክመት ለየራሳቸው ማስረጃ አደረጉት። ሪፐብሊካኖች የበላይ የሆኑበት የተወካዮች ምክር ቤት በማርች 2011 ዕቅዱ እንዲሰረዝ ድምፅ ሰጠ፤ ዴሞክራቶች የያዙት ሴኔት ግን ሳያነሳው ቀረ።